ለአባቴ ዓይን የተስተካከለ ብስክሌት

ብስክሌቱ የመጣው በር በሚያክል ካርቶን ታሽጎ ነው። ዱባይ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ «ማንም ያልነካው አዲስ የእሽቅድድም ብስክሌት ልኬልሻለሁ» ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ጎንደር አዲስ ዓለም፣ እኛ ሰፈር ሲደርስ፣ ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ገብቷል። ከአባቴ ሱቅ እየሮጥኩ ግቢያችን ስደርስ ሰው ሞልቷል። ፍሪጅ ነው የሚል አለ፣ ቁም ሳጥን ነው የሚል አለ። አንዷማ «እሰይ! ወንድምሽ የሰርግሽን ዕቃ ጀመረልሽ?» ብላ እልል ልትል አፏን ከፍታለች። እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ቱግ ማለት ነው። «ኧረ ተዉኝ እናንተ ሰዎች፣ ብስክሌት ነው!» ስል ግቢው ሁሉ እኩል ሳቀ።

ለነገሩ ቢስቁም አይፈረድባቸውም። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላት የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ሂጃብ ለባሽ፣ ከሰዓት በአባቷ ሱቅ ጨርቅ ስትለካ የምትውል ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት ግን ከከተማው ቡድን ጋር የአዘዞን መንገድ በተውሶ ብስክሌት ስትወርድና ስትወጣ ማየት ለሰፈሬ ገና አልተዋጠለትም ነበር። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ወንዶቹ ያጉረመርማሉ። እኔ ለሁለቱም ደንታ አልነበረኝም። ደንታዬ አባቴ ነበሩ።

ከአባቴ አፍ ስለ ብስክሌት አንዲት ቃል ሰምቼ አላውቅም። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ካደገች በኋላ አባትና ልጅ ስለ ጨርቅና ስለ ደንበኛ ካልሆነ በቀር ፊት ለፊት ብዙ አይነጋገሩም። ሌላው ነገር ሁሉ በእናት በኩል ያልፋል። እኔ ለእናቴ እነግራታለሁ፤ እሷ ምሳ ስታቀርብ ታደርስልኛለች፤ መልሱን ደግሞ ሳህኑን ስታነሳ ይዛልኝ ትመጣለች። ችግሩ፣ አባቴ ቁጥብ ሰው ናቸው። መልሳቸው ብዙ ጊዜ ቃል የለውም፣ ራሳቸውን መነቅነቅ ብቻ ነው። ትርጉሙን እናቴ ታክልበታለች።

ብስክሌት መንዳት የጀመርኩ ሰሞን «አባባ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ራሳቸውን ነቀነቁ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ምን ማለት ይሆናል? አፍረው ነዋ! ሰው ምን ይለናል ማለታቸው ነው።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ብስክሌቴን እየገፋሁ ስወጣ አባቴ ከሱብሂ ሶላት ተመልሰው በራችን ላይ ተቀምጠው ቢሆን እንኳ ቀና ብለው አያዩኝም። መቁጠሪያቸውን ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ። «አሰላሙ ዓለይኩም» እላለሁ፤ ይመልሳሉ፤ ዓይናቸው ግን መሬት ላይ ነው። ቢሆንም እሄዳለሁ።

በዚያ ዓመት የነገሩ ቁርጥ የሚለይበት ቀን ደረሰ። ባሕር ዳር ላይ የክልል ውድድር ሊደረግ ነው፣ ከከተማችን የሚመረጡት ደግሞ ሦስት ሴቶች ብቻ ናቸው። አሰልጣኛችን «ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ታዳጊዎችን ብቻ ነው የምይዘው» ብሎናል፤ ስለዚህ ለእኔ ያለው ዕድል ያ ብቻ ነበር። ብመረጥ ከቡድኑ ጋር ባሕር ዳር መሰንበት አለብኝ። ያለ አባቴ ፈቃድ ግን ከጎንደር ንቅንቅ አልልም፤ ልበል ብልም እግሬ እሺ አይለኝም። የሚያስፈልገኝ ፈጣን ብስክሌትና የአባቴ እሺታ ነበር። ብስክሌቱ መጣ። እሺታው ቀረ።

ካርቶኑን በእናቴ የሽንኩርት ቢላ ከፈትነው። መጀመሪያ የወጣው አካሉ ነው፦ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ በሁለት ጣት የሚነሳ። ጎረቤታችን፣ እትዬ የምንላቸው ሸምገል ያሉ ክርስቲያን እናት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ጠጋ ብለው አዩትና «በሞቴ፣ ምነው እንዲህ ከሳ? ታሞ ነው?» አሉ። ቀጥሎ መሪው ወጣ። የለመድነው ዓይነት ጠምዛዛ አይደለም። ከፊቱ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ወደ ፊት ተዘርግተዋል፤ ዘንጎቹ ሥር ደግሞ ሁለት ትናንሽ ትራሶች ተለጥፈዋል።

«ቀንድ አለው!» አሉ እትዬ። «ትራሱስ? ተኝተሽ ልትነጂው ነው?»

እንደ ቀልድ የተናገሩት እውነት ሆኖ ተገኘ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ምንድን ነው የላክህልኝ?» «ብስክሌት ነዋ።» «ቀንድ አለው እኮ!» «እኔ ምን ላውቅ? ሰውዬው ከሱቁ ፈጣኑ ይኼ ነው አለኝ።» ለካ የትራያትሎን ብስክሌት ነው። ትራያትሎን ማለት ዋኝቶ ወጥቶ፣ ብስክሌት ነድቶ፣ ከዚያ ደግሞ መሮጥ ነው። ብስክሌቱ የተሠራው ሰው ክርኑን ትራሶቹ ላይ አሳርፎ፣ ዘንጎቹን ጨብጦ፣ ደረቱን ከነፋስ ደብቆ እንዲጋልብ ነው። ወሬውን የሰማ ሁሉ «እና ጎርጎራ ወርደሽ ጣና ልትገቢ ነው?» ሲለኝ ሰነበተ። ደግነቱ የእኛ መምረጫ ብቻን ተነስቶ ሰዓት የሚያዝበት ውድድር ስለነበር ቀንዱ ክልክል አልነበረም።

ገና መች አበቃ! ልንገጥም ስንቀመጥ ፔዳል የለም። ፕላስቲኩን አራገፍን፣ ስፖንጁን ቀደድን፣ እናቴ ካርቶኑ ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ፈተሸች። የለም። ያን ጊዜ የእኔን አፍ ማን ይያዘው? የሚኒባሱን ረዳት ረገምኩ፣ ዕቃ አውራጆቹን ረገምኩ፣ ብስክሌቱን ከዱባይ ይዞልን የመጣውን ምስኪን መንገደኛ ሳይቀር ጠረጠርኩ። አዘዞ ሄጄ ልጮህ ጫማዬን ሳጠልቅ ወንድሜ መልሶ ደወለ። «ሰውዬው ሳቀብኝ» አለ፤ «እንዲህ ዓይነቱ ብስክሌት ፔዳል አብሮት አይሸጥም፤ ሁሉም የየራሱን ነው የሚገጥመው አለ።» ወላሂ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጫማ ያለ ሶል ይሸጣል?

የተውሶውን ብስክሌት ፔዳል ፈትተው እንዲገጥሙልኝ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ወዳሉት ጋሼ፣ ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ወሰድኩት። ጋሼ አዲሱን ብስክሌት በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ፕላስቲክ ነው» አሉ።

«ካርቦን ነው ጋሼ።»

«ካርቦን እኔ የማውቀው የደረሰኙን ነው። እዚህ ነገር ላይ መዶሻ አላነሳም።»

«መዶሻ ያንሱ ማን አለዎት!»

ሳቁ። ፔዳሉን ገጠሙ። የግራው ፔዳል በግልባጭ እንደሚጠብቅ ያውቃሉ፤ ግን ብስክሌቱን ገልብጠውት ስለነበር ግራና ቀኙ ተምታታባቸው፣ ባለ በሌለ ጉልበታቸው ሲያጠብቁ ጥርሱ ሊበላ ደረሰ። እኔ «ኧረ ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ፤ እሳቸው «አትጩሂብኝ፣ ቀንድ ያለው ነገር አስደንግጦኝ ነው» አሉኝ። በመጨረሻ ተሳክቶልን ካቴናውን ቀብተውልኝ ሸኙኝ።

ከዚያ ተራው የአሰልጣኙ ሆነ። አሰልጣኛችን ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነው። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ እኔን አስቀመጠኝና ክር ጫፍ ላይ ዳዶ አስሮ ከጉልበቴ ወደ ፔዳሉ አንጠለጠለው። «ኮርቻው ወደ ፊት! ገና! አሁንም!» ኮርቻው ራሱ ምን ዓይነት ነገር ነው፣ ያ ረቢ፤ አፍንጫው ለሁለት የተሰነጠቀ፣ የደረቀ። በሁለተኛው ቀን ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ዋልኩ፤ አባቴ «ተቀመጪ እንጂ» ሲሉኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ።

ዋናው ነገር ግን መሪው ነበር። መሪውን የተሸከመው ቱቦ ላይ ቀለበቶች አሉ። ቀለበቶቹን ከመሪው ሥር ብታስገባቸው መሪው ከፍ ይላል፣ ከላይ ብታደርጋቸው ዝቅ ይላል። አሰልጣኙ ሁሉንም አውጥቶ ከላይ ደረደራቸው። «ጀርባሽ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ባስቀምጥ ጠብ ማለት የለበትም» አለኝ። ያንን ጀርባ አውቀዋለሁ። ሶላት ላይ ለሩኩዕ ያጎነበሰ ሰው ጀርባ ነው፣ ከልጅነቴ የተማርኩት። ልዩነቱ፣ ስሰግድ ከኋላዬ የአዘዞ መንገድ ሙሉ ሰው ቆሞ አያይም።

ስለዚህ ሱሪዬ ላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ሰፊ ሸሚዝ ለበስኩ። ከአዘዞ በታች ያለው ሜዳ ላይ ስደርስ ነፋስ ገባበትና ጀርባዬ ላይ ተነፋ። አሰልጣኙ በሞተር ሳይክል ተከትሎኝ «ድንኳን ተክለሽ ነው እንዴ የምትነጂው!» እያለ ጮኸ። ሸሚዙን ወገቤና ጭኔ ላይ በላስቲክ አሰርኩት። እንደገና ተነሳሁ። ክርኔን ትራሱ ላይ ጣልኩ፣ አንገቴን ቀበርኩ፣ እግሬን ለቀቅሁት። አቤት! ከአዘዞ ወደ ጠዳ ሲወረድ ሁልጊዜ ፊቴን የሚገፋው ነፋስ የት ገባ? ጆሮዬ ውስጥ የጎማው ድምፅ ብቻ ቀረ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም፤ የሰርጌ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም፣ ባሌም ያውቀዋል።

ታዲያ ደስታ መች ይከርማል? አንድ ጠዋት እናቴ ከዘመድ ጥየቃ በሚኒባስ ስትመለስ በመስኮት አየችኝ። ቤት ስገባ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«አየሁሽ» አለች።

«ምን አየሽ?»

«ተደፍተሽ! አፍንጫሽ ጎማው ላይ፣ ኋላሽ ሰማይ ሰማይ እያየ! ሹፌሩ ሳይቀር ዞሮ አየሽ። አንቺ ልጅ፣ አባትሽ እንዲህ ሆነሽ ቢያዩሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ነው የሚሉት።»

«እማዬ፣ ብስክሌቱ እንዲህ ነው የሚነዳው።»

«ቀና ብለሽ ንጂው! ሰው ቀና ብሎ አይነዳም?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኔ ኑሮ ሁለት ሆነ። ለአሰልጣኙ ቀለበቶቹን ወደ ላይ፣ ለሰፈሩ ወደ ታች። አዘዞ መግቢያ ላይ አንድ ግንብ ሥር እቆምና በመፍቻ ፈትቼ መሪውን ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ስመለስ እዚያው ቆሜ ከፍ አደርገውና እንደ ጨዋ ልጅ ቀጥ ብዬ ወደ ሰፈሬ እገባለሁ። ግንቡ ሥር ጫማ የሚያድሱ ሰውዬ «ይኼ ብስክሌትሽ በየቀኑ ነው እንዴ የሚበላሸው?» ይሉኛል። «አዎ አባቴ፣ አዲስ ስለሆነ ነው» እላለሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ እኔ ግን ወጣሁ ብዬ ነበር።

መምረጫው እሁድ ሊሆን፣ ሐሙስ ዕለት እናቴ የምሳ ሳህኑን ይዛ እየተጣደፈች ወደ እኔ መጣች። «ነገርኳቸው» አለች። «ስለ ባሕር ዳሩ ሁሉንም ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«እሁድ ሄጄ በዓይኔ ላያት፤ ካየሁ በኋላ እናገራለሁ አሉ።»

አባቴ ሊያዩኝ! አንድም ቀን ስነዳ አይተውኝ የማያውቁት አባቴ! ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ መጣብኝ። እናቴ ግን ለደስታው ጊዜ አልሰጠችኝም። እጄን ያዘችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ያን ቀን እንዳትደፊ። በሰው ሁሉ ፊት እንዳታዋርጃቸው። ቀጥ ብለሽ በጨዋነት ከነዳሽ እሺ ይላሉ፤ እኔ አውቃቸዋለሁ።» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ለእኔ ብላ ነው የምትለምነኝ። ባሕር ዳር እንድሄድ ከእኔ እኩል ትፈልግ ነበር።

ቅዳሜ ከአስር ሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ብስክሌቱን ፊቴ አቁሜ ብዙ አሰብኩ። መሪው ዝቅ ቢል ፈጣን ነኝ፤ ፈጣን ብሆን እመረጣለሁ፤ ግን አባቴ አፍረው እንቢ ካሉ መመረጤ ምን ይሠራልኛል? መሪው ከፍ ቢል ትንሽ እዘገያለሁ፤ ግን እግሬ ደህና ነው፣ ሦስተኛነት አያቅተኝም፣ አባቴም እሺ ይላሉ። እንዲህ ብዬ አሰላሁት። ቀለበቶቹን በሙሉ ከመሪው ሥር አስገባኋቸው፤ የትራሶቹንም መደገፊያ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁ። ወጥቼ ስሞክረው ሱቅ ባንኮኒ ላይ ክርኔን ጥዬ ደንበኛ የምጠብቅ መሰልኩ። ጨዋነት ከተባለ ከዚያ በላይ ጨዋነት የለም።

እሁድ ጠዋት አዘዞ ላይ አሰልጣኙ ገና ከሩቅ አየው። «መሪውን ማን ነካው?»

«ወገቤን ስላመመኝ ነው» አልኩ።

«ዛሬ? ዛሬ አመመሽ?» መፍቻ ሊያመጣ ዞር ሲል ቁጥሬ ተጠራ። ውድድሩ ከአዘዞ ተነስቶ ጠዳ ደርሶ መመለስ ነው። በየተራ እንለቀቃለን፣ ሰዓታችን ለየብቻ ይያዛል። በዓይኔ አባቴን ፈለግሁ። መነሻው ላይ የሉም። ቀርተዋል ማለት ነው እያልኩ ተለቀቅሁ።

እግሬ ያን ቀን ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ሜዳው ላይ ስደርስ ያ የማውቀው ነፋስ ተቀበለኝ። ደረቴ ላይ እጁን አሳርፎ ይገፋኛል። አንገቴን እቀብራለሁ፣ ትራሱ ከፍ ስላለ ትከሻዬ አብሮ አይወርድም። ከኋላዬ የተለቀቀችው ልጅ በተራ ብስክሌት፣ ጠፍጠፍ ብላ ተጎንብሳ አለፈችኝ። ቱግ አልኩ፤ በእሷ ሳይሆን በራሴ። አባቴ እንኳ ሳይመጡ ለማን ነው እንዲህ የተቀመጥኩት?

ጠዳ ስደርስ መንገዱ ዳር ሰው ግጥም ብሏል። ከቅዳሴ የወጡ ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ ነጋዴዎች፣ ባጃጅ ሹፌሮች። መዞሪያው ላይ ፍሬን ይዤ ስታጠፍ አየኋቸው። አባቴ ናቸው! ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ከፊት ቆመዋል። አባቴ በጎልማሳነታቸው ዘመን ጠዳ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ስለነበር በዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። እንግዲህ ሊያፍሩ ከሆነ ከዚህ የባሰ ቦታ የለም። ቶሎ ብዬ ቀጥ አልኩ። ትከሻዬን አስተካከልኩ። ሸሚዜን ሁሉ ወደ ታች ሳብ አደረግሁ።

«ጎንበስ በይ!»

ማን እንደጮኸ አልገባኝም። አባቴ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

«ጎንበስ በይ ልጄ! ምን ተሞሽረሽ ትቀመጫለሽ! ነፋሱን አትገትሪው፣ ጎንበስ!»

አጠገባቸው የቆሙ ባለ ዱላ ገበሬ «አያ፣ ልጅዎ ናት እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። «የእኔ ናት!» አሉ አባቴ፤ እጃቸውን አውለበለቡ። ከዚያማ ጠዳ በሙሉ ተቀበላቸው። «ጎንበስ በይ! ሸጋ ልጅ፣ ጎንበስ!» ሴቱም ወንዱም፣ ባጃጁ በጥሩምባው ሳይቀር።

ጎነበስኩ። ወላሂ፣ አጥንቴ እስኪንቋቋ ጎነበስኩ። መሪው ግን ከፍ ብሎ ታስሯል፣ እየነዱ የሚፈታ ነገር አይደለም። አገጬ ትራሶቹ መሃል እስኪገባ ድረስ ተጣጠፍኩ፤ ደረቴ አሁንም ነፋሱ ላይ ነው። ከጠዳ እስከ አዘዞ ያለውን ዳገት የወጣሁት በእግሬ ብቻ ሳይሆን በእልህ ነው። አንዷን ደረስኩባት፣ አለፍኳት። ጆሮዬ ውስጥ «የእኔ ናት» የሚለው ቃል ብቻ ነበር። መድረሻው ላይ ብስክሌቱን ጥዬ አስፋልቱ ዳር ተዘረርኩ።

ሰዓቱ ሲነበብ አራተኛ ነኝ። ሦስተኛዋ የበለጠችኝ እፍ ብላ ሻማ የምታጠፋበትን ጊዜ ያህል ነው። አሰልጣኙ አልጮኸም። መሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ከጠዳ በሚኒባስ መጡ። ዛፍ ሥር ተቀምጬ አገኙኝ፣ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ መሃላችን ባንኮኒ ሳይኖር፣ አላስታውስም። እናቴ የለች። የሚያደርስልን ሰው የለም።

«አራተኛ ወጣሁ፣ አባባ። የሚወስዱት ሦስት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «በፊቴ ያለፉት ልጆች ሁሉ ተጎንብሰው ነበር። አንቺ ብቻ ቀጥ አልሽ። ብስክሌቱ እንቢ አለሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ መሪውን ከፍ ያደረግሁት። እርስዎ እንዳያፍሩ ብዬ።»

ዞር ብለው አዩኝ። እንዲያ ትክ ብለው ሲያዩኝ ገና ያን ጊዜ ነው የዓይናቸውን ቀለም በቅጡ ያየሁት። «እንዳላፍር? ማን ነው አፍራለሁ ያለሽ?»

«ራስዎን ነቀነቁ። ያኔ፣ መጀመሪያ። ጠዋትም ስወጣ ቀና ብለው አያዩኝም።»

«እኔ የፈራሁት ማኪናውን ነው!» አሉ። በእጃቸው ወደ መንገዱ አመለከቱ። ከመተማ የሚመጡ ቦቴዎች አዘዞን ሰንጥቀው እያጓሩ ያልፋሉ። «ዕድሜዬን በዚህ መንገድ ጨርቅ ጭኜ ተመላልሻለሁ። ስንቱን ሲገጩት አይቻለሁ። ጠዋት ፊትሽን ካየሁ ቅሪ እልሻለሁ ብዬ ነው መሬት መሬቱን የማየው። ቅሪ ብልሽ ደግሞ ትቀሪያለሽ። ስለዚህ እስክትመለሺ ቁርኣን እየቀራሁ እቆያለሁ።»

በማን ልቆጣ? በእናቴ ልቆጣ? ምስኪን፣ የራሷን ፍርሃት ነው የእሳቸው ራስ ላይ ያነበበችው፤ ያነበበችውም ለእኔ አስባ ነው። በአባቴ ልቆጣ? በራሴ ልቆጣ? አንድ ቃል፣ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እያጠፍን «አባባ፣ ምን አስከፋዎት?» የምትል አንዲት ቃል ብጠይቃቸው ኖሮ ያልቅ ነበር። ሦስታችንም ስንተሳሰብ፣ ሦስታችንም ስንተዛዘን፣ ነገሩ በጣታችን መሃል ሾልኮ ሄደ።

«ይሁን» አሉ አባቴ። «አላህ ያለው ነው። ሱቁንም ለአጎትሽ አደራ ብዬ ነበር፤ እንግዲህ እነግረዋለሁ፣ ይቀራል ብዬ።»

«ሱቁን ለምን?»

«ለባሕር ዳሩ ነዋ። ሐሙስ ዕለት ነው የነገርኩት። ብቻሽን ልልክሽ ኖሯል? አብሬሽ ልሄድ ነበር።»

በመሸነፌ አላለቀስኩም ነበር። ያን ጊዜ ግን መንገዱ ዳር፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አባቴ ትከሻ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።